ሹፌሩን ማን ይናገረው?

ባለፈው ሰሞን የትምህርቱ ሰዓት አልቆ ደብተሬን ስሰበስብ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበና፣ «መምህር፣ በጀርመን አገር መኪና እንዳሻው ቢነዳ የሚከለክል ሕግ የለም የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «እውነትም ነው፤ እውነትም አይደለም» አልሁት። እሱም ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲያው የኛ ሹፌሮች ጀርመን አገር ቢወለዱ ኖሮ ሕግ አክባሪ ይባሉ ነበራ!» አለ። በክፍሉ የቀሩት ልጆች ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ከሳቁት ልጆች ብዙዎቹ ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ ከነገ ወዲያም ሥራ ሲይዙ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ መካነ ሰላም የሚመላለሱት በአውቶቡስ ነው። የለጋምቦን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ቀልድ የት ላይ እንደሚያበቃ ያውቃል።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት የዚያን ተማሪ ጥያቄ መረጥሁ። በየአገሩ ያለው የፍጥነት ልክ ስንት ነው? ልኩንስ የሚያስከብረው ማን ነው? የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን «ዓ.ም.» እያልሁ እንደ ራሳችን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከጀርመን እንጀምር። አውቶባን በሚባሉት ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ለቤት መኪና በጠቅላላው የተወሰነ የፍጥነት ልክ የለም። ከጠቅላላው ርዝመት ሁለት ሦስተኛ በሚበልጠው ላይ የሚያግድ ቁጥር አይታይም። እስከዚህ ድረስ ተማሪዬ ልክ ነው። «እንዳሻው» የሚለው ቃል ነው ስሕተቱ። መንግሥት በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር እንዳይታለፍ ይመክራል። ምክሩን ያልሰማ ሰው በዚህ ብቻ አይከሰስም፤ ነገር ግን አደጋ የደረሰ እንደሆነ፣ ዋናው ጥፋት የሌላው ቢሆን እንኳ፣ ፍርድ ቤት የፍጥነቱን ነገር አንሥቶ ከጉዳቱ ኪሣራ ከፊሉን ሊያሸክመው ይችላል። ከባድ የጭነት መኪና በዚያው መንገድ ላይ ከ80 እንዳያልፍ ተከልክሏል። በቀኝ በኩል መቅደም ክልክል ነው። ነዳጁን ሳይመለከት ወጥቶ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይቀጣል። መንገዱ በመኪና ብዛት በተዘጋ ጊዜ ሁሉም ግራና ቀኝ ጠጋ ጠጋ ብለው ለአምቡላንስ መካከሉን መልቀቅ አለባቸው። መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰውም ከተራው ልምምድ በላይ አምስት ጊዜ በገጠር መንገድ፣ አራት ጊዜ በአውቶባን፣ ሦስት ጊዜ በጨለማ ከአስተማሪ ጋር መንዳት ግዴታው ነው። ፈቃዱንም ካገኘ በኋላ ሁለት ዓመት በሙከራ ላይ ይቆያል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በዚያ አገር በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው ትልቁ ክፍል የሚሞተው ልክ በሌለው በአውቶባን ላይ አይደለም። ከከተማ ውጭ ባለው፣ ጠበብና ጠመዝመዝ ባለው፣ ልኩም 100 ተብሎ በተወሰነው የገጠር መንገድ ላይ ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ የሚመሳሰለው ታዲያ ከየትኛው ጋር ነው? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ሌሎቹ አገሮች እንደየጠባያቸው ናቸው። ፈረንሳይና ኢጣልያ በሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ላይ 130 ይፈቅዳሉ፤ እስፓኝ 120፤ እንግሊዝ 70 ማይል፣ ማለት 112 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ጃፓን በአብዛኛው 100። ሆላንድ በ2020 የቀኑን ልክ ወደ 100 ዝቅ ያደረገችው አየሩ በመኪና ጢስ እንዳይበከል ብላ ነው። ፊንላንድ ደግሞ በኃይል ያጠፋውን ሹፌር መቀጫ የምትቆርጠው በገቢው መጠን ስለሆነ፣ ለአንድ ዓይነት ጥፋት ትልቁ ነጋዴ ከትንሹ ጸሐፊ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎቼ ይህ ሕግ ደስ ሳይላችሁ አይቀርም።

እነዚህ ቁጥሮች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። በ1865 የእንግሊዝ ፓርላማ በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ በከተማ በሰዓት 2 ማይል፣ በገጠር 4 ማይል እንዳያልፍ፣ ከፊቱም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲቀድም ደንግጎ ነበረ። ዛሬ ብንስቅበትም ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ አዲሱ ኃይል መንገድ ላይ ያለውን እግረኛ እንዳያጠፋ ማለት ነውና። ያ ሕግ ከተሻረ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ኤም አንድ የተባለው ትልቁ ጎዳና ሲከፈት የፍጥነት ልክ የሚባል ነገር አልተደረገለትም። በ1965 መከር ግን በጉም ውስጥ መኪና በመኪና ላይ እየተደራረበ ብዙ ሰው ስለ ሞተ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር 70 ማይል ተወሰነ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጉም የሚለውን ቃል ያዝልኝ፤ ወደ ጉጉፍቱ ስንወጣ እንመለስበታለን።

አሜሪካ በ1974 በመላው አገሯ 55 ማይል፣ ማለት 88 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የወሰነችው ነፍስ ለማዳን ሳይሆን ነዳጅ ለመቆጠብ ነበረ። የዐረቦች ነዳጅ በመከልከሉ ምክንያት ነው። ሆኖም በ1973 ወደ 54 ሺህ የነበረው የመንገድ ሟች ቁጥር በ1974 ወደ 45 ሺህ ወረደ። ሰው በመኪና የሚሄደው ቀንሶ ስለ ነበረ ምስጋናው በሙሉ ለሕጉ አይሰጥም፤ ቢሆንም ነዳጅ ለማዳን የወጣ ሕግ ሰውም አድኗል። ሕጉ በ1995 ተሽሮ ሥልጣኑ ለየክፍለ ግዛቱ ተመለሰ። ዛሬ በቴክሳስ 85 ማይል የሚፈቀድበት መንገድ አለ።

የስዊድን ታሪክ ከኛ ጋር ይገናኛል። በ1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መኪናን በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ ስታዛውር፣ ስዊድን ገና በግራ ትነዳ ነበረ። እሷ የተዛወረችው ከኛ ሦስት ዓመት ዘግይታ፣ መስከረም 3 ቀን 1967 ነው። በዚያ ሰሞን የፍጥነቱ ልክ ዝቅ ተደረገ፤ ሕዝቡም «ዛሬ ሁሉ ነገር አዲስ ነው» ብሎ እየተጠነቀቀ ነዳ። አደጋው ቀነሰ። ሰው አዲሱን ከለመደና ጥንቃቄው ከላላ በኋላ ግን አደጋው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዉን ያዳነው የመንገዱ ግራ ወይም ቀኝ መሆን ሳይሆን በያንዳንዱ ሹፌር ልብ ውስጥ ያደረው ፍርሃት ነው ማለት ነው። ስዊድኖች ይህን ስለ ተረዱ በ1997 ሌላ መርሕ አወጡ፤ ይኸውም ሰው መሳሳቱ ስለማይቀር፣ መንገዱና ሕጉ አንድ ሰው በተሳሳተ ጊዜ በሞት እንዳይቀጣ ተደርገው ይሠሩ የሚል ነው። መንጃ ፈቃድ የሚፈልገውንም ሰው በሚያንሸራትት ሜዳ ላይ እያስነዱ ፍሬን እንዴት እንደሚከዳ በዓይኑ ያሳዩታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው፣ በ2014 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተከፈተው የክፍያ መንገድ፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲነዳበት ታስቦ የተሠራ ነው። መሄጃውና መመለሻው የተለያየ፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፍ ያለው፣ ከብትና እግረኛ እንዳይገባ የታጠረ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ነው። ነገር ግን ከእኛ ውስጥ አብዛኛው የሚጓዘው በዚያ ላይ አይደለም። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ጉጉፍቱ የሚወጣው፣ በለጋምቦ ደጋ አድርጎ አቀስታን አልፎ ወደ ቦረና የሚዘልቀው መንገድ፣ አንዱን ትከሻውን በተራራ፣ ሌላውን በገደል ላይ አሳርፎ የሚሄድ ነው። ወደ 4 ሺህ ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት የሚገኘው በዚህ ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገብሱ ማሳ ላይ ተነሥቶ መንገዱን ሲሸፍን፣ እረኛውም በጉም የሚታዩት አጠገብ ሲደርሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለው መንገድ ላይ «ልኩ ስንት ነው?» ብሎ ምልክት መፈለግ ብቻ አይበቃም። ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የሠራሁላቸውን ስሌት እዚህም ልድገመው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር፣ በ80 የሚሄድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አንድ ነገር አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል እንበል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ያላት ትንሽ መኪና በ40 ስትሄድ ለመቆም በጠቅላላው 20 ሜትር ያህል ትፈልጋለች። በ80 ስትሄድ ግን 40 ሜትር አይደለም፤ 58 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገታው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። መንገዱ ሲረጥብና መኪናው ሲከብድ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። ታዲያ በጉም ውስጥ 20 ሜትር ብቻ እያየ በ60 የሚነዳ ሹፌር የሚነዳው በዓይኑ ሳይሆን በዕድሉ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። 12 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር ለመውረድ የሚያጠፋው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሙቀት ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ የወረደ እንደሆነ ከዚህ ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ የለቀቀው እንደሆነ ግን ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲግል መያዙን ይተዋል። ለዚህ ነው የቀድሞ ካሚዮን ነጂዎች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ የነበረው። አያቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበረ። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የቦረና ሰው በቅሎዋን የሚቀመጥባት በሜዳውና በዳገቱ ነው፤ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወርዶ ልጓሟን ይዞ ይሄዳል። በቅሎዋ ስለ ደከመች አይደለም፤ ቁልቁለት የማንም ወዳጅ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጨዋታ አይደለም። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በዚሁ በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን የማነሣው ሹፌሩን ለመክሰስ አይደለም፤ ቁጥሩን ከሰው ጋር ለማያያዝ ነው እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በመላው ዓለም በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድለው ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነው። ከመቶ ሟች 92ቱ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ያሉ ናቸው። እነዚህ አገሮች ግን ከዓለም መኪና ያላቸው ከመቶ 60 ያህል ብቻ ነው። አንድ የገበሬ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ እናቱ በቆሎ ቆልታ ሸኝታው፣ በአንድ መታጠፊያ ላይ ሲያልቅ፣ የሚጠፋው አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤተ ሰብ የሃያ ዓመት ተስፋ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በአንድ የሰኔ ወር ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በቅጥቅጥ እጓዝ ነበረ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ጨዋታም ያውቃል። ጉም ወርዶ ሳለ ከፊቱ የሄደውን መኪና ለመቅደም ቸኮለ፤ ቁልቁለቱንም በፎሌ ለቀቀው። የፍሬኑ ሽታ እስከ ሦስተኛው ወንበር ድረስ መጣ። እኔ ከላይ የጻፍሁትን ስሌት ሁሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዝም አልሁ። ለምን ዝም እንዳልሁ ሳስበው ምክንያቱ ያሳፍረኛል፤ ፈሪ እንዳልባል ፈርቼ ነው! ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስማኝማ የኔ ልጅ፣ እኔ የምሄደው የልጅ ልጄን ልስም ነው። በአላህ ይሁንብህ ቀስ በልልኝ» አሉት። «አይዞዎት እናቴ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አላቸው። «አንተ ብታውቀው ጉሙ ያውቅሃል ወይ?» አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ወዲያውም አንዱ «እውነታቸውን ነው» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ቀስ በል ወንድሜ፣ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ነው» አለ። ያን ጊዜ እኔም አፌን ከፈትሁ። ሹፌሩም አኮረፍ ብሎ ማርሹን አስገባ፤ ደኅና ወረድን። ለመሆኑ ምን ያህል ዘገየን? ሠላሳ ኪሎ ሜትር በ60 የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ በ40 የሚሄድ አርባ አምስት ደቂቃ። ልዩነቱ አንድ ቡና ፈልቶ ለመጠጣት እንኳ የማይበቃ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ያችን አሮጊት ያስታወሰኝ በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገ ነገር ነው። በ2004 የትራንስፖርቱ ሚኒስትር ጆን ሚቹኪ ማታቱ በሚባሉት የሕዝብ መኪኖች ላይ ፍጥነታቸውን ከ80 የማያሳልፍ መሣሪያ እንዲገጠምና ተሳፋሪው ሁሉ ቀበቶ እንዲያስር አዘዘ። መጀመሪያ አደጋው ቀነሰ፤ ቁጥጥሩ ሲላላ ግን ልማዱ ተመለሰ። በኋላ ሁለት የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጄምስ ሀብያሪማናና ዊልያም ጃክ፣ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሩቅ አገር በሚሄዱ ማታቱዎች ውስጥ፣ ተሳፋሪው በሚያየው ቦታ፣ «ሹፌሩ በክፉ ሲነዳ ዝም አትበሉ፤ ተናገሩት» የሚል መልእክት ያለባቸው ወረቀቶች ለጠፉ። ወረቀቱን ሳይቀድድ የቆየ ሹፌር ዕጣ ይወጣለት ነበረ። ወረቀቱ ከተለጠፈባቸው መኪኖች ለኢንሹራንስ የቀረበው የአደጋ ካሣ ጥያቄ ካልተለጠፈባቸው ጋር ሲመዛዘን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀንሶ ተገኘ። ዋጋው የአንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ሥራውን የሠራው ግን የተሳፋሪው አፍ ነው።

በዚህ ምክንያት የሚቹኪን መሣሪያ የምንቅ እንዳይመስላችሁ። መሣሪያው በሜዳ ላይ ይጠቅማል። ነገር ግን በለጋምቦ ቁልቁለት 80 አይደለም፣ 50ም ሊገድል ይችላል፤ ማሽኑ ደግሞ ጉሙን አያይም። ትራፊክ ፖሊስም በየመታጠፊያው ሊቆም አይችልም። ከመነሻ እስከ መድረሻ በመኪናው ውስጥ የሚገኘው እኛ ብቻ ነን። ለሹፌሩም ፍርድ እንስጠው። በአውሮጳ ማኅበር አገሮች አንድ የአውቶቡስ ነጂ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ ሊያርፍ ግድ ነው፤ ሰዓቱንም መኪናው ራሱ ይመዘግብበታል። የኛው ሹፌር ግን ከሌሊት ጀምሮ ሲነዳ ውሎ፣ እንቅልፉን በጫት ሲገፋ፣ እኛ ደግሞ «ቶሎ አድርሰን፣ መሸብን» እያልን እንነዘንዘዋለን። ፈጥኖ ሲያደርሰን «ጎበዝ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ቀስ ብሎ ሲነዳ «ኤሊ» እንለዋለን። ስለዚህ ፍጥነቱን ያስተማርነው እኛው ነን።

እናንት ለበዓል ወደ አገራችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች፣ እናንትም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ደሴ የምትመላለሱ ወጣት ሠራተኞች፣ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ሹፌሩን ሳትሰድቡ፣ በወንድም ቃል፣ ገና በቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሳላችሁ ተናገሩት፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል። መናገር የሚያስቸግረው ለመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ያን ቀን ያን ክብር ለአንዲት አሮጊት ለቅቄላቸዋለሁ። ቀስ ብሎ የሚነዳውን ሹፌር ደግሞ ስትወርዱ «እግዜር ይስጥልን፣ በደኅና አደረስኸን» ማለትን አትርሱ፤ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አልሰማም።

በማግሥቱ ያ ተማሪ በክፍል ውስጥ፣ «መምህር፣ እንግዲያው የኛ አገር የፍጥነት ልክ ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም፣ «በሜዳው ላይ ምልክቱን አንብብ። በቁልቁለቱ ላይ ግን ልኩ አንተ ዝም ማለትህን እስክታቆም ድረስ ነው» አልሁት። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።